ዜሮ ጥያቄ ስላስመዘገበችው ወጌሻችን

ለተከበሩ የዲጂታል ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት

የተከበሩ ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የቢሮዎም ኢንተርኔት የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስለ አፈር ሳስተምር የኖርኩ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ያንኑ አፈር በኢንተርኔት አስተምር ተብዬ የታዘዝኩ ተራ መምህር ስሆን፣ እርስዎን የሚያህል ሰው በግልጽ ደብዳቤ ማስቸገር ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ባለፈው ሰኞ በዋናው ሕንጻ መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወሻ ካነበብኩ በኋላ ምስጋናዬን አፍኜ መቀመጥ አልሆነልኝም።

ማስታወሻው እንደሚያስረዳው፣ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል የምትሠራው የኮርስ ድጋፍ ባለሙያ ዓመቱን ሙሉ በድጋፍ መጠየቂያ ገጹ በኩል ያስተናገደችው ጥያቄ ብዛት ዜሮ ሆኖ በመገኘቱ፣ መደቡ የሥራ ጫና የሌለበት ስለሆነ የፊታችን ዓርብ በሚሰበሰበው ኮሚቴ ውሳኔ ይታጠፋል፤ ባለሙያዋም ትሰናበታለች። በዚህ አጋጣሚ ለቁጥር ያለዎትን አክብሮት ሳላደንቅ አላልፍም። ዜሮ እንደሆነ ክብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ደረጃ ወርዶ ማየትም አይጠይቅም።

እኛ መምህራን ይህችን ባለሙያ በስሟ አንጠራትም፤ ወጌሻዋ ነው የምንላት። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን እንደታመመ ሕፃን ታቅፎ በሯ ላይ የሚቆመውን ምሁር ቢያዩት ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም ነበር። ክፍሏ የምትይዘው ሁለት ወንበር ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ሲገባም ሲወጣም ጣሪያው ግንባሩን ይስመዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቅሬታ የሚል ስም ሊሰጣቸው የሚፈልግ ካለ እኔ የለሁበትም።

1ኛ፣ ስለ ድጋፍ መጠየቂያ ገጹ እጅ እነሳለሁ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት የድምፅ ትምህርቴን ወደ ኮርሱ ለመጫን ስሞክር እምቢ ስላለኝ በደንቡ መሠረት ወደ ገጹ ገብቼ ችግሬን ጻፍኩ። ገጹም ለችግሬ ማስረጃ የሚሆን ፋይል ካልጫንኩ ጥያቄዬን እንደማይቀበል በትሕትና ገለጸልኝ። ፋይል መጫን አለመቻሌ ራሱ ችግሬ መሆኑን በሦስት ልዩ ልዩ ሳጥኖች ውስጥ ካብራራሁ ከአራት ቀን በኋላ «ጥያቄዎ በስኬት ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ደስታዬን መሸከም ቢያቅተኝ ደረጃውን ወርጄ ወደ ወጌሻዋ ሄድኩ፤ ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ፋይሉ ተጭኖ ነበር።

2ኛ፣ በትልቁ አዳራሽ ስላዘጋጁልን የሦስት ቀን ሥልጠና ውለታዎ አለብኝ። አሠልጣኙ ተማሪን በረጅም ስላይድ ማሰልቸት ስለሚያስከትለው ጉዳት አንድ መቶ አርባ ስላይድ አንብበውልናል። የሰባ ሦስት ዲጂታል መሣሪያዎች ዝርዝርና የሚያብረቀርቅ ሰርተፍኬትም ተሰጥቶናል። ሰርተፍኬቱን ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ባለቤቴ ምን ተማርክ ብላ ስትጠይቀኝ በጣቴ እሱን አሳያታለሁ።

በሥልጠናው ማግስት ከዝርዝሩ አምስቱን መሣሪያዎች መርጬ ኮርሴን ላስውብ ወደ ወጌሻዋ ወረድኩ። ኮርሴ በጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት በሚረዝሙ ቪዲዮዎች የተሞላ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ላይ የሚታየው ግንባሬና ከኋላዬ የሚሽከረከረው የጣሪያ ማራገቢያ ነበር። ወጌሻዋ አልሳቀችም። ከመሳቢያዋ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አውጥታ ሰጠችኝና፣ ጋሼ፣ እስቲ ለአምስት ደቂቃ ተማሪ ይሁኑልኝና የዚህን ሳምንት የቤት ሥራ ያግኙልኝ አለችኝ። የገዛ እጄ ያስቀመጠውን የቤት ሥራ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈለግኩት። «አዲስ»፣ «አዲስ የመጨረሻ» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ማኅደሮች ከፍቼ ዘጋሁ፤ ላብ አጠመቀኝ። የዛሬ ተማሪ ትጋት የለውም ብዬ ላመካኝ ስጀምር፣ ያስቀመጡት እርስዎ ካጡት እነሱ ምን ያድርጉ ብላ በለሰለሰ አንደበት ቦታዬን አሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ሁለት ሰዓቱን በስምንት በስምንት ደቂቃ ቆራረጥነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ መጨረሻ አንድ ጥያቄ አስቀመጥን፤ ኔትወርክ ለሚያስቸግራቸውም በጎኑ ቀለል ያለ የድምፅ ቅጂ ጨመርን። ከአምስቱ መሣሪያዎቼ አራቱን፣ መዶሻ ስለበዛ ቤት አይሠራም ብላ አስጣለችኝ። ቀድሞ ከሃምሳ ስምንት ተማሪዎቼ ግማሹ በአራተኛው ሳምንት የገባበት አይታወቅም ነበር፤ ባለፈው መንፈቅ ግን ሃምሳ አንዱ ለማጠቃለያ ፈተና ቀርበዋል። አንዷ ተማሪዬ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ እናት ናት። አንሶላ እያጠፈች በጆሮ ማዳመጫ ትምህርቱን ትከታተል ኖሮ፣ የእጣቢው ውሃ በሚፈስበት ቦታ ሣር ለምን እንደማይበቅል ጽፋ ጠየቀችኝ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ደስታዬ ወደር አልነበረውም፣ ዛሬ ጥያቄዋ የኮርሱ አንድ ምዕራፍ መክፈቻ ሆኗል።

3ኛ፣ ወደ ዜሮው ልምጣ። የተከበሩ ዳይሬክተር፣ ዜሮው እውነት ነው። አርባ ሦስት መምህራን ዓመቱን ሙሉ ያንን ደረጃ ስንወርድና ስንወጣ አንዳችንም እሷ የሠራችልንን ገጹ ላይ አልመዘገብንም። ባለሙያዋ አንዴ አይደለም ሁለቴ፣ እባካችሁ ስትሄዱ ገጹ ላይ መዝግቡልኝ ብላ ለምናናለች። እኔ ራሴ «ነገ» ብዬ ላፕቶፔን ብብቴ ሥር ወሽቄ ወጥቻለሁ፤ ነገዬም እስከ ዛሬ አልመጣም። በዚህ አፍሬያለሁ፣ ማፈሬንም በአደባባይ እናገራለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ስንፍናው የእኛ ሆኖ ሳለ ዱላው እሷ ላይ አርፏል። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ሥራዋን እኛ መዝግበንበት በማናውቀው ገጽ ላይ ሲፈልግ መክረሙ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነውና ለድካሙ ብርታት ይስጠው።

4ኛ፣ በእሷ ምትክ ገጹ ላይ ስላስቀመጡልን፣ በሦስት ሰከንድ መልስ ስለሚሰጠው አውቶማቲክ ረዳት ምን ብዬ ላመስግን? ረጅም ቪዲዮ እንዴት እንደሚቆረጥ ብጠይቀው መልካም ቀን ከተመኘልኝ በኋላ፣ ለተጨማሪ ድጋፍ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ወዳለው ክፍል እንድሄድ መከረኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባልብን ያለፉትን ጥያቄዎች በሙሉ ተሰብስበን ገጹ ላይ ልንመዘግብ ሞክረን ነበር፤ ገጹ ግን ያለፈ ቀን እንደማይቀበል አስታወቀን። ስለዚህ እያንዳንዳችን ማስታወሻ ደብተራችንን አገላብጠን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄዎችን ከነቀናቸው በወረቀት ቅጽ ሞልተን፣ ፈርመንና ጠርዘን ትናንት ለጸሐፊዎ አስረክበናል። ጥራዙ ከበድ ያለ ነው፤ ሲያነሡት ወገብዎን ይጠንቀቁ። በሚቀጥለው ወር አዳዲስ ኮርሶች ይከፈታሉ፤ አብዛኞቹ አሁንም በግንባርና በጣሪያ ማራገቢያ የተሞሉ ናቸው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ደረጃው ላይ አብረውን እንዲቀመጡ እንለምናለን። ወጌሻዋ ስለዚህ ደብዳቤ የምታውቀው ነገር የለም፤ ብታውቅ ኖሮ ሰው አታስቸግሩ ብላ ታስቀረን ነበር።

ለማዕከሉ ዕድገት፣ ለገጹ ጤንነትና ለዜሮ ክብር ዘወትር የምተጋ፣ ሰርተፍኬቱን በመስታወት ያስገባሁ፣ የቤት ሥራዬን አሁን በአሮጌ ስልክ በአንድ ደቂቃ የማገኝ፣ ትሑት ታዛዥዎ

የአፈር ትምህርት መምህሩ
(ከአርባ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር)

ማስታወሻ፦ ከጥራዙ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ቅጽ ፊርማ ይጎድለዋል፤ የእኛ ስላልሆነ ልንፈርምበት አልቻልንም። የዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በማዕከሉ ፊት ገጽ ላይ የወጣው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግርዎ ድምፅ አልነበረውምና ሁለት ቀን ሙሉ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ብቻ አይተናል። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዎ ኮምፒውተርዎን ታቅፈው መጥተው፣ ሰልፍ ጠብቀው፣ በሃያ ደቂቃ ድምፅዎ ተመልሶልዎታል። «በዚህ ተቋም ማንም መምህር ብቻውን አይቀርም» የሚለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርዎም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርት ብሎ ይሰማል። እርስዎም እንደ እኛው ገጹ ላይ ሳያስመዘግቡ ስለቀሩ ቅጹን እኛ ሞልተንልዎታል፤ የሚፈርሙበትን ቦታ በእርሳስ አመልክተናል።