ኦርሊኮን እስክንደርስ

ማክሰኞ፣ ጄኔቭ

«ቅዳሜ ኦርሊኮን ሁሉም ተሰብስበው ይንገሯት። እስከዚያ ግን ምንም እንዳትሰማ። ምስኪን፣ ምንም ሳታውቅ ቸኮሌቷን ትበላለች።»

ጄኔቭ ያሳረፉኝ ጋሽ ታደሰ ይህን ያሉት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሆነው፣ በስልክ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ ቸኮሌት የምትበላው አብሮ አደጌ ሣራ ናት።

የሣራ እናት እትዬ ጽጌ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገቡ ወር አልፏቸዋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው የለም። እትዬ ጽጌ ሞተዋል።

ክሩን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። እንደገና ፈታሁት።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚነገረው። እዚህ አገር ግን ሰው የሚሰበሰበው ፈረቃው ሲፈቅድለት ነው። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ካሉት ሰዎቻችን ግማሹ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ያጸዳል፣ ግማሹ ምግብ ያቀርባል። ስለዚህ ሐዘንም ቀጠሮ ተይዞለት ቅዳሜን ይጠብቃል።

ለእኔ ለምን እንዳልነገሩኝ ይገባኛል። የእኔ ፊት ምስጢር አይችልም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጉዟችን የተያዘው ከወራት በፊት ነው። የቤተ መጻሕፍት ሥልጠናዬ ጄኔቭ ላይ አለቀ፤ እሑድ ከዙሪክ ወደ አገሬ እበርራለሁ። ሣራ ደግሞ ከምትኖርበት ከቪንተርቱር ቦርሳዋን አዝላ ትናንት ማታ መጣች። በባቡር፣ በተራራው በኩል፣ በየከተማው ጣፋጭ እየቀመስን እንሄዳለን። ዓርብ እትዬ ብርቄ ቤት እናድራለን። እትዬ ብርቄ ኦርሊኮን ከመግባታቸው በፊት የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ እኔንም ሣራንም እኩል ነው የቆነጠጡን።

ጣፋጩን የምቀምሰው ለሁለት ሰው ነው። አባዬ ስኳር አለበት። «አንቺ ብዪ፣ ጣዕሙን ጽፈሽ አምጪልኝ» ብሎኛል። ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ እነዚህን ተራሮች አንድም ቀን ሳያያቸው በጠመኔ ሲስላቸው አርጅቷል። ስልኩ ተበላሽቶ ጥገና ገብቷል አለኝ ወንድሜ። እዚህ እጽፍና ሰኞ አነብለታለሁ።

የጄኔቭ ፓቬ። አራት ማዕዘን ትንሽ ቸኮሌት፣ ላዩ የካካዎ ዱቄት። ስሙ የመንገድ ድንጋይ ማለት ነው። አፍ ሲገባ ድንጋይነቱን ይረሳዋል።

ጋሽ ታደሰ ጣቢያው ድረስ ሸኙን። ሣራን ጉንጯን ሳም ሳም አድርገው ለቀቋት። የእኔን እጅ ግን ያዝ አድርገው ቆዩ። «አይዞሽ» አሉኝ። በአደራ አስረከቡኝ ማለት ነው።

ባቡሩ እንደተነሣ ዘዴ ፈጠርኩ። «ስልክ የሌለበት ጉዞ እናድርገው» አልኳት። «የአንቺ እኔ ጋ፣ የእኔ አንቺ ጋ ይቀመጥ።» ክርክር ጠብቄ ነበር። ሣራ ከቲኬት ማሽን ጋር ሳይቀር የምትከራከር ሴት ናት።

«እንዲያውም ልልሽ ነበር» ብላ ስልኬን ከእጄ ወሰደችው።

በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ ያሸነፍኩበት ቀን የለም።

ረቡዕ፣ ከሞንትሮ በላይ

የምፈራቸው ነገሮች፦ ፌስቡክ። የሣራ ወንድም። ባቡር ውስጥ አማርኛ የሚናገር ማንኛውም ፍጡር። ፊቴ።

ባቡሩ ከሐይቁ ተነሥቶ ሽቅብ ይጠማዘዛል። በመስኮት ስመለከት ከእግሬ ሥር መሬት የለም። ከፍታ እንደምፈራ ዛሬ አወቅሁ፤ ለማወቅ ግን ጊዜ አልነበረኝም። አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ገብታ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀመጠች፤ በስልክ ትጮኻለች፤ «መቼ ተቀበረ?» ስትል ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ሣራን ክንዷን ይዤ ተነሣሁ። «የኋላው ፉርጎ እይታው ያምራል።»

«አዎ፣ እንሂድ፣ እንሂድ» አለች፤ ከእኔ ቀድማ በሩን ከፈተች።

ከኋላው ፉርጎ የሚታየው የሲሚንቶ ግድግዳ ነው። ሁለታችንም አደነቅነው።

አንዲት መንደር ወርደን ሜሬንግ በላን። ከእንቁላል ነጭና ከስኳር የሚጋገር፣ ሲነክሱት የሚፈረካከስ ደመና ነው። ላዩ ላይ የሚያፈሱት ክሬም ማንኪያ ያቆማል። አባዬ፣ ይኼኛውን ባትቀምሰው ይሻላል፤ ከቀመስከው በኋላ ሌላ ነገር ምግብ አይመስልህም።

ችግሩ ዛሬ ረቡዕ ነው። እኔ እጾማለሁ። ሣራ ጴንጤ ናት፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ክሬሙን አፍንጫዬ ሥር እያዞረች «ሽታው ይፈቀዳል ወይስ ንስሐ አባትሽን እንጠይቅ?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ብዪ ሒሩትዬ። መንገደኛ አይጾምም።»

ከጴንጤ አፍ የወጣ ፍትሐ ነገሥት። ደንግጬ በላሁ።

ከዚያ፣ እኔ ሳልጠይቃት፦ «እማዬ እኮ ተሽሏታል። ትናንት ሾርባ ጠጣች አሉኝ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ማን ነው ይህን የነገራት? ሰው ሊያጽናና ብሎ እንዲህ ይዋሻል? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ሣራ አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የእሷን ክሬም ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝ።

ሐሙስ፣ ከኢንተርላከን በላይ ያለች መንደር

ዛሬ ሊበላሽ ነበር።

ሣራ ገላዋን እየታጠበች ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልኳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ መንቀጥቀጡን ረስቼዋለሁ። አወጣሁት። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል። ፎቶግራፋቸውም አለ፤ እትዬ ጽጌ ነጭ ለብሰው ይስቃሉ።

ከሟች ስልክ የሚደውል ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው? ወንድሟ ይሆናል። አላስችል ብሎት፣ የራሱ ስልክ ካርድ አልቆበት፣ የእናቱን አንሥቶ። እትዬ ጽጌ እጄ ላይ እየሳቁ ተንቀጠቀጡ። አጠፋኋቸው። ስልኩን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ካልሲውን ጫማ ውስጥ፣ ጫማውን አልጋ ሥር።

ሣራ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሳሙና ገባብኝ» አለች።

ሆዷ ነግሯታል። እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ቀድሞ ያውቃል ይባላል፤ እኔ አላምንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በገመድ በሚንጠለጠለው ሳጥን ወደ ላይ ወጣን። አባዬ፣ ገመዱ ከጣቴ ብዙም አይወፍርም። ከሥራችን ላሞች ዝንብ ያህላሉ። ሣራ እጄን ይዛለች፤ እኔ የእሷን ይዣለሁ፤ ማን ማንን እንደሚደግፍ የሚያውቅ የለም።

«አባትሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለችኝ በድንገት።

«ከፍታውን ይነግርሽና መልሰሽ እንድትነግሪው ያደርግሻል። ከተሳሳትሽ ጥግ ላይ ትቆሚያለሽ።»

«አቁሞኝ ያውቃል እኮ! ዓባይን ወደ ቀይ ባሕር አስገብቼ።»

ሳቅን። ሳቋ መሀል ላይ ተቆርጦ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሞኝ ነኝ። ወላጅ ላጣች ልጅ ስለ ወላጅ አወራለሁ። ወሬውን ወደ ላሞቹ መለስኩት።

ማታ የለውዝ ኬክ። ውስጡ ካራሜል ነው፤ ጥርስና ጥርስን ያስተዋውቃል። ሻጩ ኬኩ ከሌላ ካንቶን፣ ከሌላ ክልል፣ የመጣ ነው አለን፤ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። ሣራ ግማሹን አልበላችም። «አንቺ ጨርሺው፣ ሰውነትሽ ይጠንክር» አለችኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ዓለሟ የሚፈርስ፣ ስለ እኔ ሰውነት ትጨነቃለች።

ዓርብ፣ ኦርሊኮን

ደረስን። ምንም አልሰማችም። ልኮራ ይገባኛል።

እትዬ ብርቄ ከነሥራ ልብሳቸው ባቡር ጣቢያው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀድመው ያቀፉት እኔን ነው፤ እንግዳዋ እኔ ስለሆንኩ። አጥብቀው፣ ለረጅም ጊዜ። አንገቴ ሥር ተነፈሱ። በትከሻቸው በኩል ሣራን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ጊዜው እንደደረሰ ያወቀች ትመስላለች።

ቤት ስንገባ ልጃቸው ሊያ በሩን ከፈተች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዙሪክ ተወልዳ አማርኛውንም ጀርመንኛውንም በአንድ ድስት የምትቀቅል። ቀና ብላ አየችን።

«ማማ፣ እሷ ሞርገን ነው የምታለቅሰው?»

ሞርገን ነገ ማለት ነው። እዚህ አገር አንድ ሳምንት የኖረ ሰው ያውቀዋል።

«ዝም! ክፍልሽ ግቢ!» አሉ እትዬ ብርቄ። ልጅቷ ያየችው እኔን ነው፤ ለበሩ የቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ይስጣት። ወደ ሣራ ብትጠቁም ኖሮ አልቆልን ነበር። ሣራ ጫማዋን እያወለቀች ቀና አላለችም።

የዙሪክ ቲርግል። የማር ብስኩት፣ ስስ፣ ሥዕል የታተመበት፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ። አይነከስም፤ ምላስ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። አባዬ፣ ለአንተ አንድ ገዝቻለሁ፤ ባትበላውም ሥዕሉን ታየዋለህ። ተራራ አለበት። ስሙን አንተ ትነግረኛለህ።

እትዬ ብርቄ አልጋውን ለእኔ ሰጡ፤ ሣራ ፍራሽ ላይ። «ልጄ፣ በደንብ ብዪና ተኚ» ይሉኛል ደጋግመው። ሣራን ምንም አይሏትም። ቢናገሯት ያለቅሳሉ ብዬ አሰብኩ።

ለነገ የተዘጋጀሁት፦ ከኋላዋ እቆማለሁ። ትከሻዋን እይዛለሁ። ውኃ እይዛለሁ። ብትወድቅ ጭንቅላቷ ምንጣፉ ላይ እንዲያርፍ የሻይ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍቻለሁ። እትዬ ብርቄ ስገፋ አይተውኝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከነገ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትጮኽ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ

በማለዳ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በካልሲ፣ ያለ ኮቴ። ሌሊት ከሥራ የወጡ አሉ፤ ዓይናቸው ያስታውቃል። የእነ ሣራ መጋቢ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል። እትዬ ብርቄ አንድ ወንበር መሀል ላይ አደረጉ።

ከወንበሩ ኋላ ቆምኩ። ውኃውን ይዣለሁ።

ሣራ መጣች። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠች። ትከሻዬን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።

አባዬ ያረፈው ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ተቀበረ።

ስልኬን መልሳልኛለች። አልከፈትኩትም። ቲርግሉ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ አልተሰበረም። የተራራውን ስም የሚያውቅ ሰው ከመጡት ሁሉ አልተገኘም።

ሐሙስ ዕለት የደወሉት እትዬ ጽጌ ራሳቸው ነበሩ። እኔ ምግብ እየበላሁ እንደሆነ ሊጠይቁ።