ለአንድ ሰው የሚበቃ ፎርኖ

ረቡዕ፣ ኅዳር 1 ቀን 1997

«ለስንት ሰው?» አለኝ በያጁ።

የሄድኩት ስለ ብረቱ ውፍረት፣ ስለ በሩና ስለ ጭስ መውጫው ልጠይቅ ነበር። ጥያቄ ይዤ ሄጄ ጥያቄ ተሸክሜ ተመለስኩ። በርሜል ሰንጥቆ የዳቦ መጋገሪያ ይሠራል፤ ትንሽና ትልቅ አለው። ሰውየው ምን አጠፋ? ባለቤተሰብ መስዬው ነው። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ለስንት ሰው እንደሆነ ሊያስብ ቤቱ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

አንድ። ተቆጥሮ አለቀ።

የምፈልገው ለፒዛ ነው። ይኼን ለበያጁ አልነገርኩትም፤ ፒዛ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ሊመሽ ነው። አስመራ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ፒዛ ቤት ውስጥ እሳቱ ፊት ቆሜ ኖሬያለሁ። ሚስቴ ለተብርሃን እዚያው አረፈች። ዓመት ሳይሞላት ጦርነቱ መጣና አንድ ሻንጣ ይዤ ሰቆጣ፣ አባቴ ወደተወልኝ ቤት ገባሁ። ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠበቅሁ። ባለፈው ሰኔ «ዕድሜዎ ደርሷል» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚመሽ ቀን አለ። ዛሬ ከበያጁ ጋር አወራሁ። እሱም ይኼው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

ጥሩ ፎርኖ መምረጥ ቀላል አይደለም። (አስመራ የዳቦና የፒዛ መጋገሪያውን ፎርኖ ነው የምንለው። እዚህ ፎርኖ ስል ዱቄት ያመጡልኛል።) እስቲ ልጻፈው፦

የበርሜል፦ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይከዳል። ከላይ ያሳርራል፣ ከሥር ጥሬውን ይተዋል። አንድ ክረምት ካለፈበት ዝገት ነው።

የጋዝ፦ አንድ ነጋዴ ከወልድያ በአውቶቡስ አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ያብረቀርቃል። ጋዙ ሲያልቅስ? ሲሊንደር አቅፌ ወልድያ ልመላለስ? ደግሞ እንጨት የማይማግዱበት እሳት ፊት ተቀምጦ ምን ይደረጋል።

የድንጋይና የጭቃ፦ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጃል። ከሞቀ ግን እስከ ማግስቱ አይለቅም። ቢሰነጠቅ በጭቃ ይደፈናል። ከእኔ በኋላም ይኖራል። ይኼ የመጨረሻው ከጥቅሙ ይጻፍ ከጉዳቱ አላወቅሁም።

አስመራ ያስተማረኝ አለቃዬ «ሙቀት በእጅ ነው የሚለካ» ይለኝ ነበር። «እጅህን በአፉ አስገባና አቡነ ዘበሰማያት በል። ይትቀደስ ስምከ ላይ እጅህን ከሳብክ ለፒዛ ደርሷል። ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ድረስ ከቻልክ ለዳቦ ነው። አሜን ካልክ እሳቱ ጠፍቷል፣ ቤትህ ግባ።»

ተወሰነ። ድንጋይ።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ሦስት ዓይነት ድንጋይ ለቅሜ ጓሮ እሳት ውስጥ ጨመርኩ። ጥቁሩ እንደ ጠመንጃ ጮኾ ፈነዳ። ነጩ ለሁለት ተከፈለ። ቀዩ፣ ያ ለስላሳው፣ ምንም አልሆነ። ልክ ነበርኩ! ከሰኔ ወዲህ ልክ የሆንኩበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ጎረቤቴ ዝማም በአጥሩ በኩል አንገቷን አወጣች። «አያ ኪሮስ፣ ምን ተኮሱ?»

«ድንጋይ እየመረጥኩ ነው።»

«ለምን ይሆንዎታል?»

«ለብዙ ዘመን የሚቆይ ነገር ላሠራ ነው።»

ሌላም ትጠይቀኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት። ገባች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4

ግንበኛው ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር የካበ፣ የስንቱን መቃብር ያሳመረ።

«ፎርኖ ላሠራ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ፎርኖ ምንድን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ቀዩን ድንጋይ እንደምፈልግ፣ ከሥር አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ እንደ ቆብ እንደሚደፋ፣ ከፊት አንድ አፍ እንደሚኖረው፣ ቦታውም ጓሮዬ እንደሆነ ነገርኩት።

«ለስንት ሰው?» አለ።

ደሜ ፈላ። ከተማው ሁሉ ተማክሮብኛል? «ለአንድ ሰው! ለእኔው! ሌላ ማን አለኝ?»

ከኪሱ ገመድ አወጣና «ይነሡ እስቲ ልለካዎት» አለኝ። ገመዱን ከአናቴ እስከ ተረከዜ ዘረጋ። የትከሻዬንም ወርድ ለካ። የፎርኖ አፍ ከጋጋሪው ቁመት ጋር ካልተስማማ ወገብ ይቆርጣል፤ ይኼን የሚያውቅ ግንበኛ አስመራም አንድ ብቻ ነው ያየሁ። ጥንቁቅ ሰው ነው።

«መቼ ያስፈልግዎታል?» አለ።

«ጾሙ ሳይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

«የእሱን ቀን ማን ያውቃል፣ አያ ኪሮስ።» ድንጋይ የሚያቀርብ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቀን አይቆርጥም።

እሑድ፣ ኅዳር 5

አስቀድሼ ወጣሁ። የእድሩ ሰዎች እንደ ወትሮው ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። በኽምጥኛ ያወራሉ፤ በልጅነቴ የማውቀው ቋንቋ ነው፣ አሁን ከአሥር ቃል አንዱን ነው የምይዘው። ሲስቁ የሳቃቸውን ምክንያት አላውቅም። አጠገባቸው ሳልፍ «እንዴት አደርክ» አሉኝ በአማርኛ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው።

እድር አልገባሁም። ሲጠሩኝ እገባለሁ ብዬ ስድስት ዓመት። እነሱም ሲፈልግ ይመጣል ብለው ይሆናል። የእኔስ ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ልጻፈው፤ ማንም አያነበውም፦ ብታመም በስንተኛው ቀን ይታወቅ ይሆን? ብሞትስ ማን ይሸከመኛል? የለተብርሃን መቃብር መንገዱ የተዘጋበት አገር ነው። እሷንም የሚጎበኛት የለም፣ እኔንም።

ነገ ጭቃ እረግጣለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ጭቃና ጭድ ተረግጧል። እግሬ እስከ ጉልበቱ ቢጫ ነው።

ገበያ ወጥቼ የተፈጨ አሞሌ ጨው ገዛሁ፣ ሁለት ጆንያ ሙሉ። ከወለሉ ሥር ጨው ከተነጠፈ ሙቀቱ ወደ አፈር አይሰርግም፤ ይኼም የአለቃዬ ትምህርት ነው። ሻጯ ግራ ገባት።

«ይኼን ሁሉ? ስንት ከብት አለዎት?»

«ከብት የለኝም። ለራሴ ነው፤ ከሥር ላነጥፈው።»

አማተበች። ምርቃት ጨውም ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። ሰቆጣ ላይ የጨው ነጋዴ ሲመርቅ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ድንጋዩ መጣ። ስድስት ሰው ተሸክሞት! እኔ ለወለል የፈለግኩት ቢበዛ ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው። ይኼ ከአናቴ እስከ ተረከዜ ነው። ግን እንዴት ያለ ድንጋይ! አንድ ስንጥቅ የለበትም፤ በመዳፌ ስዳብሰው እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ረዘመ ብዬ እንዴት ልመልሰው።

ሰዎቹ ካስቀመጡት በኋላ ቆባቸውን አወለቁ። ሙቀት ነው መሰለኝ። «ጠላ ቅመሱ» ብላቸው እንቢ አሉ። አንዱ «እግዜር ያቆይዎ» ብሎኝ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ በድንጋዩ ላይ እርጥብ አሸዋ ከመርኩ። ቆቡ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አሸዋ ይከመራል፣ ጭቃው በላዩ ይለበጣል፣ ጭቃው ሲጠና አሸዋው በአፉ ተጭሮ ይወጣል። ክምሩ ትንሽ ወደ ርዝመት ሄደብኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ። ዝማም በአጥሩ አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ይኼ ሰፈር ምን ነክቶታል?

ጠዋት ዝማም ምስር ወጥ በሳህን ከድና አመጣችልኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ይብሉ እንጂ፣ ሰውነትዎን አይጣሉት» አለችኝ። ስድስት ዓመት የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ደጄን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥሎ ባለሱቁ በመንገድ አቁሞ ትከሻዬን ሳመኝ። ማታ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣና በሩ ላይ ተደፍቶ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። በእኔ ጊዜ የጠፋውን አካፋ የወሰደው እሱ ኖሯል!

ይቅር አልኩት። ምን እንደያዛቸው አላውቅም። ግን ዛሬ ሦስት ሰው አናግሬያለሁ፤ ደስ አለኝ። ከደስታዬ ብዛት አሸዋውን ማስተካከል ረሳሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዓይኔን እየጠረግኩ ነው የምጽፈው። ከሳቅ ነው ወይስ ከሌላ፣ እንጃ።

ከቅዳሴ ተመልሼ ሳልቀመጥ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ አያ ሐጎስ በከዘራቸው፣ ቄስ መልኬ በመስቀላቸው፣ ከኋላ ግንበኛው ወልዴ አንገቱን ደፍቶ። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱና ክምሩን ከበቡት።

«ኪሮስ» አሉ አያ ሐጎስ፤ «ምን በደልንህ?»

«ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ክርስቲያን በጓሮው ይቀበራል?»

«ማን ሞተ?» አልኩ ደንግጬ።

«አንተ ነሃ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ለአንድ ሰው፣ ለእኔው ብለህ ድንጋይ አስጠርበሃል። ቁመትህን ተለክተሃል። ጨው ከሥሬ አነጥፋለሁ ብለሃል። ጾሙ ሳይገባ እፈልገዋለሁ ብለሃል! ለብዙ ዘመን የሚቆይ ብለህ ለዝማም ነግረሃታል። እድር የለኝም፣ ቀባሪ የለኝም ብለህ አይደል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኛ ሞተናል?»

አሸዋውን አየሁ። ድንጋዩን አየሁ። እውነትም መቃብር ነው። ራሴ ባየው ራሴን አለቅስ ነበር።

ሳቅ ያዘኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ቄስ መልኬ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ እስኪያሳርፉ ድረስ። «ዳቦ!» አልኩ። «ዳቦ መጋገሪያ ነው፣ አባቴ!» ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት የያዝኩት ነው። እናንተ እንድትመጡ መሞት ነበረብኝ ወይ ብዬም ተናገርኩ። አልደበቅኩም።

አያ ሐጎስ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባቸው። «አጥፍተናል» አሉ። «ና ግባ ልንልህ ይገባ ነበር። አንተም ደጃችንን ባለመርገጥህ አጥፍተሃል፤ አስመራ የኖረ ሰው እኛን ይንቀናል ብለን ነው የራቅንህ።» ቀጥለው ክምሩን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና «ደግሞ ለአንድ ሰው ዳቦ መጋገሪያ ይሠራል? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?»

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ወልዴ በማለዳ መጣ። ዓይኔን ማየት አፍሯል። «ፎርኖ ሲሉኝ በአስመራ አነጋገር መቃብር መስሎኝ» አለ። «ብጠይቅ አላዋቂ እመስላለሁ ብዬ ዝም አልኩ።» እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ስንት ነገር ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

አሸዋውን አብረን አፈረስነው። «እንግዲህ ለስንት ሰው ልካበው?» አለ። ጣቴን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። እሱ ድንጋዩን አየት አድርጎ «ርዝመቱ ካለ ወርዱንም እናስፋው» አለና ቀዩን ድንጋይ ከጎን ከጎን ይገጥም ጀመር። ከፊት የሚተርፈው ጫፍ ሊጥ መዳመጫ ይሆናል። ድንጋዩን በዘንግ ፈንቅለን ጨዉን ከሥሩ አነጠፍን። ማታ ወገቤን ማቃናት አቃተኝ፤ ለረጅም ጊዜ ያላመመኝ ሕመም ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25

ቆቡ ከተደፋ በኋላ አሥር ቀን በትንሽ በትንሽ እሳት ሳደርቀው ከረምኩ። አንድ ቦታ ተሰነጠቀ፣ ደፈንኩት። ዛሬ የእውነተኛውን እሳት አነደድኩ።

መጀመሪያ እጄን ሳስገባ እስከ አሜን ደረስኩ። አፈርኩ። እንጨት ጨመርኩ። ሲሳየነ ላይ አወጣሁ። አሁንም ጨመርኩ። ከሰዓት በኋላ ይትቀደስ ስምከ ሳልጨርስ እጄን ሳብኩ። «ለተብርሃን፣ ደረሰ!» አልኩ ጮኼ። ፒዛ ቤቱ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ሁልጊዜ ለእሷ ነበር የምናገረው፣ እሷ ናት ለአለቃዬ የምታሰማው።

ጾም ነውና ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የኑግ ዘይት ብቻ። ለመጀመሪያው ዝማምን ጠራኋት። ግማሹን እጇ ላይ ይዛ አገላበጠችው።

«ይኼ እንጀራው ነው ወይስ ወጡ?»

«ሁለቱም።»

ቀመሰች። «ነጭ ሽንኩርቱ በዛ» አለች። ግን ጨረሰችው። የእኔንም ግማሽ ለባሏ ይዛ ሄደች። እኔ ጠርዙን ብቻ ነው የቀመስኩት።

ስሜ እድሩ መዝገብ ላይ ገብቷል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ስብሰባ ዛፉ ሥር ሳይሆን እኔ ጓሮ ነው፤ አያ ሐጎስ ናቸው የወሰኑት። ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ብቻ ይሁኑ ወይስ ሁሉም ከነቤተሰቡ። ደግሞ ሰው እሑድ ደክሞት ቤቱ ሊገባ ይችላል። የአስመራ ዳቦ ምን ያደርግልናል ሊሉም ይችላሉ። ፈራሁ፤ ከእሳቱ ፊት ፈርቼ አላውቅም ነበር።

አሁን ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ሊጡ ዛሬ ካልተቦካ ለነገ አይደርስም። ገበታው ፊቴ ነው። በአጥሩ በኩል «ዝማም! ለስንት ሰው ላቡካ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አያ ኪሮስ! ሰው ነው እንጂ ጡብ ነው የሚቆጠር?»

ያለኝን ዱቄት በሙሉ ገለበጥኩት።