ዙሀራ ጋ ሂጂልኝ

የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሶማሊያ

ይድረስ ለምወድሽ ባለቤቴ ለርሆቦት፤ ቤቴል፣ አዲስ አበባ

ርሆቤ፣ እንዴት ነሽ? ልጃችን ሳያትስ እንዴት ናት? የእናታችን የእማማ ሸዋረጋ ጉልበት ተሻለው ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ እበላለሁ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ አብርሽ የሚባል የጋንታችን ልጅ ነው፤ ለእረፍት ስለሚመጣ ነው በእሱ የላክሁት። ምሳ አብዪው፤ ደብዳቤውን ግን እሱ ፊት አትክፈቺው። ለብቻሽ ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጉዳዩ የኢብራር ነው። ስንሸኝ ዝናብ ይዞን፣ አንቺና ሚስቱ ዙሀራ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆማችሁ ስታለቅሱ፣ "እነዚህ እህትማማቾች ናቸው እንዴ?" ብሎ ያሳቃችሁን የአየር ጤናውን ልጅ ታስታውሺዋለሽ። ያን ጊዜ ዙሀራ ነፍሰ ጡር ነበረች። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ከኢብራር ጋር አንድ መኪና ላይ ነን፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል።

ጥር 20 ቀን የውኃ ቦቴዎች አጅበን ስንመለስ መኪናችን ፈንጂ ላይ ወጣች። ኢብራር ለልጁ ለአንዋር ስለሚገዛለት ብስክሌት እያወራኝ ነበር። ገና ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ብስክሌት! ልስቅበት አፌን ስከፍት መሬቱ ተነሣብን። ስነቃ የኢብራርን እጅ ይዣለሁ፤ ፊቱ ደም በደም ነው። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አይሰማኝም። ኋላ ሲነግረኝ "ጥሩነህ፣ ለምን ጨለመ?" እያለኝ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር ርሆቤ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

ሁለቱም ዓይኖቹ ከእንግዲህ እንደማያዩ ሐኪሙ ነግሮታል።

አሁን የሕክምና ድንኳን ውስጥ ነን፤ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። እሱ አያይም። የኔ ቀኝ ጆሮ ጭራሽ አይሰማም፤ ግራውም ሰው ተጠግቶ ካልጮኸበት በስተቀር ሲያፏጭብኝ ነው የሚውለው። ስለዚህ ኢብራር ሊያወራኝ ሲፈልግ ይጮኻል፤ ምስጢራችንን ድንኳኑ በሙሉ ያውቀዋል። እዚህ ጋ ስትደርሺ ብድግ እንደምትዪ አውቃለሁ። ቁጭ በይ፤ ወደ ጆሮዬ እመለሳለሁ።

ዙሀራ ምንም አታውቅም። ኢብራር ድምፁን ቀድቶ "ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደህና ነኝ" እያለ ይልክላታል። እሷ የምትልከውን የልጁን ፎቶ አይቼ የምነግረው እኔ ነኝ። "ማንን ይመስላል?" ይለኛል ሁልጊዜ። "ግንባሩ ያንተ ነው፤ ደግነቱ ሌላው የዙሀራ ነው" ስለው ይስቃል።

የፊታችን ሐሙስ ሳይሆን የሚቀጥለው ሐሙስ፣ የካቲት 21፣ ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክ ባለፈው ዓርብ ተነገረው። ደስ ይለዋል ብዬ ሳስብ፣

"ከሆስፒታል ስወጣ ወንድሜ አገር ቤት፣ ወራቤ ይወስደኛል" አለኝ። "አንተ ለዙሀራ ግዳጁ ተራዘመ በልልኝ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትረሳኝ።"

"አበድክ እንዴ?"

"ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሕፃን ታቅፋ ልብስ ሰፍታ ነው የምታድረው። በዚያ ላይ እኔን ደግሞ እጄን ይዛ ባኞ ቤት ታድርሰኝ?"

ተናደድኩ። "ሚስትን እንዲህ መዋሸት ምን የሚሉት ነው?" ብዬ ጮኽኩበት። ኢብራር በፋሻ የታሰረ ፊቱን ወደኔ አዞረና፣ ከኔ ብሶ ጮኸ፦

"አንተስ? ስለ ጆሮህ ለርሆቦት ነግረሃታል?"

 ከየአልጋቸው የሚያዩንን ሰዎች ላለማየት ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።

ይህን ከተባልኩ በኋላም አልነገርኩሽም። ትናንት ከቸርች ስትወጡ በቪዲዮ ደውለሽ ሳያትን አቀረብሽልኝ። "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ እየዘመረችልኝ እንደሆነ ያወቅሁት ስታጨበጭብ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴ በኔትወርክ፣ አንዴ በባትሪ ሳመካኝብሽ ነበር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዙሀራ ፎቶ ላከች። "አወጣ!" የሚል ጽፋበታለች። አንዋር አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ ከታች ድዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥርስ ብቅ ብላለች። ለኢብራር ነገርኩት።

"የቱ ጋ?" አለ።

ጣቱን ይዤ ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩለት። ግራ ጆሮዬን አፉ ላይ ደግኛለሁ።

"ለስላሳ ነው" አለ።

"መስታወት ነዋ።"

"ጥርስ ግን ሲወጣ ይሻክራል አይደል?"

"ይሻክራል። ይነክሳልም፤ ሳያት ትከሻዬን ነክሳኝ ታውቃለች።"

ፈገግ አለ። ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ያሻሸዋል። ትንሽ ቆይቶ የስልኩ መብራት ጠፋ። እሱ አላወቀም። በጠፋው ስልክ ላይ እያሻሸ ቀረ፤ እኔም አልነገርኩትም። ይህ ሰው ወራቤ መሄድ አይፈልግም ርሆቤ። ተነሥቼ ወረቀት ለመንኩ።

እባክሽ ዙሀራ ጋ ሂጂልኝ። በስልክ አትንገሪያት። ቤቷ አየር ጤና ነው፤ ከታክሲ ፌርማታው ወደ ውስጥ ገባ ብለሽ "ልብስ ሰፊዋ ዙሀራ" ብትዪ ያሳዩሻል። በማለዳ እንዳትሄጂ፤ ሰውም አታስከትዪ፤ ነጠላም አትልበሺ፤ መርዶ ይመስላታል። ከሰዓት በኋላ ብቻሽን ሂጂ። "አይዞሽ" ብለሽም አትጀምሪ፤ ከዚያ በኋላ የምትዪውን አትሰማሽም። ገና በሩ ላይ ሳለሽ፣ ሳትቀመጪ፣ "ኢብራር በሕይወት አለ" በያት። ሁለት ጊዜ በያት። ቀሪውን ከተቀመጣችሁ በኋላ አንድ በአንድ ንገሪያት፤ ወራቤ እሄዳለሁ ማለቱንም አትደብቂ፤ መቆጣት ካለባት ትቆጣ። አንቺ ጸሎት ከጀመርሽ እንደማትጨርሺ አውቃለሁ፤ እዚያ ግን እሷ በምታውቀው መንገድ ትጸልይ፤ አንቺ ልጁን ያዢላት። ፈቃደኛ ከሆነች፣ የካቲት 21 ሐሙስ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ድረስ አብረሻት ሂጂና ሆስፒታሉ በር ላይ ይዘሻት ጠብቂው።

የኔን ጉዳይ በተመለከተ፣ ሐኪሙ ግራው ሊሻሻል ይችላል ይላል፤ ቀኙን ግን ተስፋ አታድርጊበት። ሚያዝያ ውስጥ እመጣለሁ። ከዚህ በኋላ መንዳት ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ አላውቅም፤ እሱን ያን ጊዜ እናወራዋለን፤ ማለቴ፣ እየጮኽን። አንድ ነገር ብቻ ለሳያት ከወዲሁ አስረጂልኝ፦ አባቢ ስትጠሪው ካልዞረ ተቆጥቶሽ አይደለም በያት። አንቺም ከኋላዬ አትጥሪኝ፤ ከፊቴ ነይ። ሳይሽ ይበቃኛል።

እማማ ሸዋረጋን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የቤታችንን ደጅ የሚጠብቅ ጌታ የዙሀራንም ደጅ ይጠብቅ፤ ቃሉን በአፍሽ ያኑርልሽ፤ አሜን።

ያንቺው
ጥሩነህ

ይህንንም ጨምሪበት። ፖስታውን ሳልዘጋ ለኢብራር አነበብኩለት፤ ደብቄው ልልከው ብል አልሆንልህ አለኝ። ድምፄን መመጠን ስለማልችል ድንኳኑም አብሮ ሰማ። ስጨርስ ኢብራር የተቀየመኝ መሰለኝ። ከዚያ አልጋውን ይዞ እየዳበሰ መጥቶ ጆሮዬ ጋ ተጠጋና፣ ጻፍ አለኝ፦

"ከሰዓት በኋላ አንዋር ይተኛል። ርሆቦት በሩን ቀስ አድርጋ ታንኳኳ።"