ሣባ ያልተቀመጠችበት የሣባ ብስክሌት

ሮማ፣ ሰኔ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተሚካኤል፣
በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም የብስክሌት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና በተለይም የወገብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በመቀጠል በሮማ ለሚገኘው ወገን ሁሉ በታላቅ ክብር የማስታውቀው ዜና አለኝ፦ ባለፈው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው በሲኞር ብሩኖ ሱቅ ውስጥ፣ ክቡርነትዎ ብስክሌት ላይ ተቀምጠዋል። ብስክሌቱ አልተሰበረም። ክቡርነትዎም እንዲሁ።

ይህን ደብዳቤ በወይዘሮ ኣስገደት ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆመው ለሚያነቡት ሰዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የልጄ ልጅ ሣባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እንደ ብዙዎቹ ሴቶቻችን በጣሊያኖች ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ፣ የራሷ የሆነ ጊዜ ያላት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። እነዚህንም ሰዓቶች እንደ ሰው ተኝታ በማሳለፍ ፈንታ ኦስቲያ ወርዳ ባሕር ውስጥ ትገባለች። ምክንያቱ ትሪያትሎን የሚባል ውድድር ነው፤ ሰውየው መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከባሕር እንደወጣ ሳይደርቅ ብስክሌት ላይ ይወጣል፣ ከብስክሌቱ ሲወርድ ደግሞ ማንም ሳያባርረው ይሮጣል። የንስሐ አባቷ እንኳ ይህን ያህል አላዘዙባትም። ውድድሩ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት እሑድ፣ ሐምሌ 5 ቀን ነው። ማኅበራችንም በስሙ እንድትወዳደር አዲስ ብስክሌት ሊገዛላት ወሰነ። እስከዚህ ድረስ መላእክት ቢሰበሰቡ ከዚህ ያማረ ቃለ ጉባኤ አይጽፉም።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ክቡርነትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነቡ አውቃለሁና።

1ኛ) አቶ ብርሃነ ለኮሚቴው የተመረጡት አገር ቤት ሳሉ የበዓል በግ ሲገዙ ተሳስተው ስለማያውቁ ነው። ሲኞር ብሩኖ ለዚሁ ውድድር የተሠራ፣ ቀጭን፣ ጎማው የሰለለ ቀይ ብስክሌት አምጥቶ አቆመልን። አቶ ብርሃነ ጀርባውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ጎኑን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት፤ በመጨረሻም ከመሬት አንሥተው መዘኑትና፣ በአንድ ጣት የሚነሣ ነገር ምን ሥጋ አለው፣ ይኼ ከሲታ ነው ብለው መለሱለት። ብሩኖ፣ አሎራ፣ እንግዲህ የቀለለው እንዲፈጥን ተብሎ እኮ ነው ቢላቸው በአዘኔታ አዩትና፣ ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው አሉን። ከዚያ ሁለት ሰው ተጋግዞ ያነሣው ጥቁር ብስክሌት በአንድ ድምፅ ተመረጠ። ጥርሱ ያልታየው ስለሌለው ብቻ ነው።

2ኛ) ሌላዋ የኮሚቴው አባል ወይዘሮ አበራሽ፣ ቀሚስ እንዳይዝባት የሰንሰለት መሸፈኛ፣ ጭቃ መከላከያ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ፣ ከፊት ደግሞ ዘንቢል እንዲጨመርበት አዘዙ። ዘንቢሉ ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ፣ ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው ወይ ብለው ጠያቂውን አሳፈሩት። ለዚህ አርቆ አሳቢነት ልዩ ምስጋና ይድረሳቸው፤ ከተፎካካሪዎቿ መካከል ለሽንኩርት የተዘጋጀች ሌላ አትገኝም።

3ኛ) መጠኑ በማን ልክ ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ እንደ ደንባችን በክብር ቅደም ተከተል መቀመጥ ተጀመረ። መጀመሪያ ክቡርነትዎ፣ በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሙሽራ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። ብሩኖ ሜትሩን ዘርግቶ እግርዎን ለካ፤ ፈጣሪ ለእርስዎ ቁመት ሲሰጥ እጁ እንዳልተሰበሰበ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ቀጥሎ የኮሚቴው አባላት፣ ከእነርሱም ቀጥሎ ሽማግሌዎች ወጡ። ሣባ ከሁላችን ታናሽ ናትና መጨረሻ ቆመች። እኔ ብቻ፣ ኧረ ልጅቷ ትቅደም፣ የምትነዳው እኮ እሷ ናት ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቃውሜ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ለምሳ ተዘጋ፤ ሣባም ከአሠሪዋ ከሲኞራዋ ለምና ያገኘችው ሁለት ሰዓት አለቀባትና ወደ ሥራዋ ሮጠች። ብስክሌቱ በእርስዎ ልክ ተገዛ።

4ኛ) ትናንት ከቅዳሴ መልስ እቤታችን አጠገብ ባለው ጠባብ መንገድ ሞከረችው። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ወርዶም ቀኝ እግሯ ፔዳሉን ሲያገኝ ግራው አየር ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። መሪው ሩቅ ስለሆነባት ፍሬን ለመያዝ በሆዷ ትተኛለች። እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው አባባ፣ መዋኘቱና ሩጫው እንኳ አያሰጋኝም አለችኝ። ለአቶ ሀብተሚካኤል እንንገር ብላት፣ ትልልቅ ሰዎች የመረጡልኝን አልመልስም አለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የጫማዋን ክር ለረጅም ጊዜ አሰረች። ክር ማሰር ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

5ኛ) ዛሬ ጠዋት እኔው ራሴ ብነግርዎ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ውሳኔ የሚሻረው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ጉባኤውም መስከረም ላይ ነው አሉኝ። ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። አገር ቤት ቀበሌው እንኳ ስኳር ሲያከፋፍል በቤታችሁ ስንት አፍ አለ ብሎ ይጠይቃል።

ብሩኖ ግን ደግ ሰው ነው። ገዢው ማኅበር በሊቀ መንበሩ ፊርማ ከጠየቀ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጥቁሩን ወስዶ ቀዩን፣ ያውም በሣባ ልክ የሆነውን፣ እሰጣለሁ ብሏል። ሣባ ሱቁ ድረስ መሄድ የምትችለው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ፊርማ ነው፤ እስከ ረቡዕ ማታ። የመለወጫ መጠየቂያው ወረቀት ወይዘሮ ኣስገደት ዘንድ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶም አለ፣ የማኅበሩ አባላት እንዳይረሱት በክር ታስሯል።

ለድካምዎ ሁሉ፣ በተለይም ለዚያ በብስክሌቱ ላይ ለቆዩበት ሩብ ሰዓት፣ በቁመትዎ ልክ የሆነ አክብሮቴን ከእግርዎ ጣት ጀምሬ ወደ ላይ እያቀረብሁ፣ እስከ የት እንደምደርስ ሳላውቅ የምሰናበትዎ፣

ተክለጻድቅ፣
የሣባ አያት፣ የማኅበሩም መዋጮውን የማያጓድል አባል

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርሁት፦ ላለመፈረም ከወሰኑ ብስክሌቱ በልክዎ ነውና ሐምሌ 5 ቀን እርስዎ ይወዳደሩልን፤ ሣባ ዘንቢሉን ይዛ ከዳር ቆማ ታጨበጭብልዎታለች። መዋኘቱን ብቻ ከአሁኑ ይለማመዱ።

ደግሞም፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ውሸት ሊኖርበት አይገባምና፣ በሦስተኛው ቁጥር ተቃውሜ ነበር ያልሁት ፈጠራ ነው። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። አልተቃወምሁም። ከሽማግሌዎቹ መጨረሻ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ከተቀመጥሁም በኋላ ደስ ስላለኝ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከረከርሁ፣ ደወሉን ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ውረድ ሲሉኝም አልሰማሁም። ብሩኖ የሱቁን መዝጊያ ሲያወርድ ሣባ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው ብዬ ቀድሜ ፈርሜበታለሁ። ከሥሩ ለእርስዎ የሚበቃ ቦታ ትቻለሁ።