የነርቭ ሴሎችን በጆሯቸው ይለዩ የነበሩት ባልደረባችን ዕረፍት

እኛ የዓይንና የአንጎል ምርምር ቤተ ሙከራ ሠራተኞች ማኅበር አባላት፣ «አባባ ጆሮ» የምንላቸው የቀረጻ ክፍል ባለሙያ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ አራት ዓመታቸው ማረፋቸውን የምንገልጸው በከባድ ሐዘን ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። የተቀጠሩት በኤሌክትሪክ ጥገና ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ወደ ቀረጻ ክፍል ተዛወሩ። ሥራውን ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፦ ዓይን ወደ አንድ ነገር ከመዞሩ በፊት አንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች ምልክት ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ነገሩ ብቅ ሲል ወዲያው ይንጫጫሉ፤ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ቆይተው ዓይን ሊነሣ ሲል ብቻ ይናገራሉ፤ ሁለቱንም የሚያደርጉም አሉ። እሳቸው የሴሎቹን ምልክት ወደ ድምፅ በሚቀይር ማጉያ እየሰሙ «ይቺ አየች፤ ያቺ ልትሄድ ተነሣች» እያሉ ይለዩ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ለአዲስ ገቢዎች የማዳመጥ ሥልጠና ጀመሩ። የተሳሳተችውን «ልጄ፣ ጆሮሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» ይሏት ነበር። እንዲህ ያልተባለ ተመራማሪ የለንም።

ባለፈው ዓመት፣ እሳቸው ቀደም ሲል የገጠሙት ስክሪን ዓይን የሚዞርበትን ነጥብ የሚያሳየው የቀረጻው ሰዓት ከመዘገበው ዘግይቶ መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። መዘግየቱ ዓይን ተርገብግቦ የማይጨርስበት ጊዜ ነው። ነገር ግን «የሚያዩት» ሴሎች የዘገዩ መስለው «ከሚነሡት» ጋር ተጽፈዋል፤ በዚያው ላይ የተመሠረተው ጥናትም በመጽሔት ታትሟል። «ተዉት፣ ማን ያውቃል?» ያሉ አልጠፉም። እሳቸው «ሴሏ ታውቃለች» ብለው፣ ስክሪኑን መዘግየቱን ሳይለኩ መግጠማቸውን ለኃላፊው በጽሑፍ አመለከቱ። ጥናቱ ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ጥናቱን የሠራችውና የአራት ዓመት ድካሟን ያጣችው ተመራማሪ ለሁለት ወር አላነጋገረቻቸውም። ከዚያ ወንበሯን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ከጥናቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሴሎች አንድ መቶ ሰባ አንዱን እንደገና ለይተው፣ አርባ አንዱ ሲቀራቸው ሕመሙ ጠናባቸው።

ለባለቤታቸው፣ እራት ላይ «እየሰሙኝ ነው ወይስ ሴል እያዳመጡ ነው?» እያሉ ሠላሳ ዓመት ለታገሡን እናታችን፣ እንዲሁም ለሁለት ሴት ልጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘኑ የእኛም ነው።

ተመራማሪዋ እህታችንንም እግዜር ያጽናሽ እንላለን። የቀሩትን ሴሎች ከዚህ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እየለየች ነው። እስከ ትናንት ዘጠኝ አድርሳለች። ከዘጠኙ በሁለቱ እርግጠኛ ስላልሆነች፣ የምትጠይቀውም ሰው ስለሌለ፣ በመዝገቡ ላይ ቦታቸውን ባዶ ትታዋለች።