የወልዱና የተድላ መንታ ሽጉጦች

ኪሮስዬ፣

ከተለያየን አምስተኛው ክረምት አለፈ። ዛሬ ብትመጣ ቤቱ ግር ይልህ ነበር። ጣሪያው ተቀይሯል። የጓሮው ጌሾ ደርቆ ነበር፣ ዘንድሮ አቆጥቁጧል። ልጃችን ዘነቡ ወረዳው ውስጥ ሥራ ይዛ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ሳቋ እንዳንተው ከደጅ ይሰማል። የአያትህ የወልዱ ሽጉጦች ግን ከእንግዲህ አንድ ላይ አይደሉም። የምጽፍልህ ይህን ከእኔ ከራሴ እንድትሰማ ነው።

ከወር በፊት ዘነቡ የሽጉጦቹን ሣጥን አስከፍታኝ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ለሥራ ባልደረቦቿ አሳየች። ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲዞር አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ሰቆጣ ድረስ መጣ። በሣጥኑ ውስጥ በተነጠፈው ቀይ ከፋይ ጨርቅ ላይ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞረው የተኙትን ሁለቱን ስድስት ጎራሾች ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሐረግ በጣቱ ተከተለ፤ የዝሆን ጥርስ እጀታቸውን በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየ፤ ቁጥራቸው ተከታታይ መሆኑንም ነገረን። “የምገዛው ሁለቱ አብረው ከሆኑ ነው፤ አንዱን ብቻ አልነካም” አለ። ከዚያ እጀታው ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። በአንዱ ላይ፣ “ለወልዱ፣ ስለ ታማኝነቱ።” በሌላው ላይ፣ “ለተድላ፣ ስለ ታማኝነቱ።”

አዎ ኪሮስዬ፣ ለተድላ ነው የሚለው።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ። ዘነቡ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ እኔም ከእሷ ደብተር ፊደል እየለቀምኩ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። አያ በሪሁን የአያታቸውን ሽጉጥ ሊጠይቁ ከጋዝጊብላ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አያታቸው ተድላና አያትህ ወልዱ አንዱ ለአንዱ ሚዜ የሆኑ ጓደኛሞች ነበሩ አሉ። የሚያገለግሉት ጌታ ሁለቱን በአንድ ቀን ሸለማቸው፤ ሣጥኑ አንድ ስለሆነም አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ ሊያኖሩት ተስማሙ። ተድላ የሞቱት ሣጥኑ እናንተ ቤት በነበረበት ዓመት ነው፤ በዚያው ቀረ አሉ። አንተ ሁለቱም የወልዱ ናቸው ሲባል ሰምተህ ያደግህ ሰው ነህ፤ የሰማኸውን ተናገርክ። ሽማግሌዎቹ ከምናስምላችሁ ጽሑፉ ራሱ ይመስክር ብለው ቆረጡ። ከሽማግሌዎቹ መካከል የነበሩት መሪጌታ ዓይናቸው ደክሞ ፊደሉን መለየት አቃታቸው። ያን ጊዜ ደረትህን ነፍተህ፣ “ሚስቴ ታነባለች፤ እሷ ታንብበው” አልክ።

በሰው ፊት እንዲህ አድርገህ ስታነሳኝ የመጀመሪያህ ነበር። ሁለተኛውን ሽጉጥ አንስቼ “ለተድላ” የሚለውን በልቤ አነበብኩ። ቀና ስል ፊትህን አየሁ። ከአፌ የወጣው “ለወልዱ” ሆነ። አንተም ሳቅህን ለቀቅከው፤ አያ እንኳ ሳትል፣ “በሪሁን፣ አያትህ ያልተሸለመውን አንተ ልትሸለም ነው?” አልካቸው። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲወጡ “ባለሽጉጡ መጡ” እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ሣጥኑን ቆልፈህ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኸኝ። በዚያው ሰሞን ፊደል አስተምሪኝ አልከኝ። ዛሬ እህል የሚለቀም አለ፣ ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ዓይኔን አሞኛል እያልኩ አሳለፍኩህ። ፊደል ብታውቅ መጀመሪያ ከፍተህ የምታነበው ያንን እጀታ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ፤ አራተኛ አልጠየቅህም። ለጎረቤት “ጭንቅላቴ ደንዳና ነው መሰለኝ፣ ተስፋ ቆርጣብኛለች” ስትል ሰምቼም አላስተማርኩህም። ሐኪም ቤት የመጨረሻውን ወረቀት በአውራ ጣትህ ፈረምክ። ቀለሙን ከጣትህ ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው በሳምንቱ ሊመለስ ተቀጣጥሮ ሲሄድ ለዘነቡ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች። “ይውሰዳቸው፤ ነገሩም አብሮ ይሂድ። አባቴን ከሞተ በኋላ ውሸታም ልታሰኚው ነው?” አለችኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ፎቶው በሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቀን አንዱ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ እኔም ባልኖር ውሸታሙ አንተ ትሆናለህ። አያ በሪሁንም ገና በሕይወት አሉ። ውሸቱ የእኔ ነው፣ ስለዚህ እኔው ልሸከመው ቆረጥኩ።

ባለፈው እሑድ ሽጉጡን ይዤ እንዳልፍ የሚፈቅድ ወረቀት ከቀበሌ አጽፌ፣ የተድላን ሽጉጥ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጋዝጊብላ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሰንበቴ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቆምኩ። “ያን ቀን በሐሰት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ያመነው እኔን ነው” አልኩ። ነጠላውን ፈትቼ ሽጉጡን ለአያ በሪሁን አቀበልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ “ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀብሽ ዓይንሽ ነው አፍሽ?” አሉኝ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ገሠጸው።

“አፌ ነው፣ አያ” አልኳቸው።

“እንግዲያ ዓይንሽ ደህና ከሆነ ነይ አንብቢልኝ” ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እሳቸውም እንዳንተ ፊደል አያውቁም። አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው፣ “የቱ ጋ ነው አያቴ?” አሉ። ጣታቸውን ይዤ ተ፣ ድ፣ ላ እያልኩ በፊደሎቹ ላይ አሳለፍኩት። እንዲህ ይዤ ማሳለፍ የነበረብኝ ያንተን ጣት ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ ይቅር በሉኝ ብዬም አላስጨነቅኳቸውም። ጠላ ቀድተው ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ሰብሳቢው ደውሎ ነበር፤ ያለን አንድ ብቻ ነው ስለው ዘጋው። ዘነቡ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ወደ ሥራ ስትወጣ፣ “ቁርስሽን እንዳትረሺ” አለችኝ።

ኪሮስዬ፣ አንተን መርሳት የለም። ስምህ በተነሳበት ሁሉ፣ በዝክርህም ቢሆን በገበያም ቢሆን፣ ማንም ይስማ ማንም፣ ባለቤቴ ሚስቱን ያመነ ሰው ነበር፣ ያታለለችው ሚስቱ ናት እላለሁ። አፌ እስከሚያዝ ድረስ ይህን ከማለት አልመለስም።

ባለቤትህ
አልጋነሽ