ቄጠማችንን ግጦሽ ብላችሁ ለመዘገባችሁልን

ሐምሌ 2007 ዓ.ም.

ለዝናብና ግጦሽ ሁኔታ ክትትል ግብረ ኃይል ክቡር ሰብሳቢ
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ አቧራችንን ችላ እዚህ ድረስ የመጣችው መኪናችሁ፣ በዚህ ሙቀት ከራስዎ በላይ ሳታርፍ የምትሽከረከረው ማራገቢያዎ ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» ግን እባክዎ የትም እንዳይመዘግቧት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና በአክብሮት ላሳውቅዎ። ባለፈው ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ከጨፋ ሮቢት በላይ ባለችው መንደራችን ሰማይ ላይ አንድ ደመና ታይቷል። ስፋቱ የታጠፈ ጋቢ ያህል ሲሆን፣ ከመስጊዱ አናት ላይ ጥቂት ቆሞ፣ እኛንም አንድ በአንድ ተመልክቶ ሲያበቃ መንገዱን ቀጥሏል። በሰውም ሆነ በንብረት ላይ ያደረሰው እርጥበት የለም። የክትትል ሥራችሁ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ መግለጫችሁ። በሰኔ «የዘንድሮው ክረምት መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ከመደበኛ በላይ ሊሆን ይችላል» ብላችሁ የነገራችሁንን ይዘን ብንጠብቅ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ስሕተት አላገኘንባችሁም። በልጉ ቀርቶብን፣ በሚያዝያ የዘራነው ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆብን፣ አሁን ደግሞ የማሾ ዘር በእጃችን ይዘን ሰማይ ሰማይ ለምናይ ሰዎች፣ ከቶ የማይሳሳት አካል እንዳለን ማወቁ ትልቅ መጽናኛ ነው። ባለቤቴ ፋጥማ ግን መግለጫው ሲነበብ ሰምታ «እንዲህማ ከሆነ እኔም እተነብያለሁ፤ አንተ ሽማግሌ ዛሬ ወይ ትሠራለህ፣ ወይ አትሠራም» ብላኛለች። እኔም የሷም ትንበያ እንዳይሳሳት ብዬ ያን ቀን ተኝቼ ዋልኩ።

ሁለተኛ፣ በጤና ኬላው ግቢ ተክላችሁልን የሄዳችሁት የዝናብ መለኪያ በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል። ፍየል እንዳይተሻሸው ዙሪያውን በእሾህ ስላጠርንለት፣ በመንደሩ ውስጥ ደህና አጥር ያለው እሱ ብቻ ነው። እስካሁን የገባበት አንድ ተርብ ሲሆን፣ እሱም ውሃ ፈልጎ መጥቶ አዝኖ ወጥቷል።

ሦስተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ስለ ጉብኝታችሁ ነው።

ባለሙያችሁ አቶ አብዱሰላም ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ድርቁን ሊያዩ እንደሚመጡ ሲነገረን፣ መንደሩ ስንት ጊዜ እንግዳ ሳያይ ቆይቶ ነበርና አንዴ ተሯሯጠ። እኛ እንግዳ በባዶ መሬት አናስቀምጥም። ስለዚህ ጎልማሶቻችን በሌሊት ተነሥተው፣ የየአገሩ ከብት ተጋፍቶ ወደሚግጥበት የጨፋ ረግረግ ወርደው፣ ለምነውና ተለማምጠው አንድ አህያ ጭነት ቄጠማ አመጡ። ከዋርካው ጥላ ሥር ጎዘጎዝነው። አቶ አብዱሰላምም ዐረፍ ብለው፣ «ማሻአላህ» ብለው፣ ቄጠማውን በካሜራቸው አነሡት። እሳቸው ተሰናብተው መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ የመንደሩ ከብት ተሻምቶ መቀመጫቸውን በልቶት ነበር፤ ያን ግን አላነሡትም።

ከዚያ ደግሞ መጠጣት ነበረባቸው። በመንደራችን በዚያ ሰሞን የምትታለበው ቡሬ የምትባለው የጎረቤቴ የአሻ ላም ብቻ ነበረች። አሻ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚች ላም ነው። ያን ዕለት ጥጃዋን አስራ፣ ልጆቿን ወደ ጎረቤት ልካ፣ ያለችውን ሁሉ አልባ በታጠነ ቅል ለእንግዳው አቀረበች። አቶ አብዱሰላም ጠጥተው አመሰገኑ፤ «ይጨመርልዎ» ሲባሉም እንዳናፍር ብለው መሰለኝ እሺ አሉ።

ቀጥለው ወረቀታቸውን አውጥተው የመንደራችንን ሽማግሌ በድሩን ጠየቁት። ዝናቡስ? «አልሀምዱሊላህ።» ከብቶቹስ? «አልሀምዱሊላህ።» የሰዉ ኑሮስ? «አልሀምዱሊላህ።» በድሩ ባለፈው ዓመት ልጁን በቀበረ ማግስት «እንዴት ነህ?» ሲባልም የመለሰው ይህንኑ ነው። አላህን ማመስገን ዝናብ ስለቀረ አይቀርም። የእናንተ ወረቀት ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረው ኖሮ ሁሉንም «ጥሩ» በሚለው ሥር አስቀመጡት።

ሪፖርቱ ተመልሶ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲነበብልን በደስታ የምንገባበት ጠፋን። ግጦሽ፣ ለምለም። የወተት አቅርቦት፣ አጥጋቢ። የኅብረተሰቡ አስተያየት፣ አበረታች። በካርታችሁም ላይ አረንጓዴ ተቀብተናል። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖር መንደሬ አረንጓዴ ሆና ያየኋት በቀለም ነው፤ አላህ እጃችሁን ይባርከው። አረንጓዴ ስለሆንንም ለከብት እርዳታ ድርቆሽ የጫነው መኪና ባለፈው ሐሙስ በደጃችን አልፎ፣ እንግዳ ማስተናገድ ወደማያውቁት ጎረቤቶቻችን ሄደ። እነሱ ባለሙያችሁን ያስቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው፤ ቀይ ተቀብተዋል። እኛም ስለ ጨዋነታችን ለከብቶቻችን የሹፌሩን ጡሩምባ አሰማናቸው።

አሁን የአሻ ላም ነጥፋለች፤ ከተኛችበት በሰው እርዳታ ነው የምትነሣው። ድርቆሽ ካልመጣ አሻ በመጪው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ልታወጣት ቆርጣለች፤ እዚያ ደግሞ ዘንድሮ ላም የሚገዛው ለቆዳዋ ነው። አሻም በብርቱ ቁጣ ደጄ ድረስ መጥታ «ያጠጣሁት ወተት ይመለስልኝ! አለዚያ ሰውዬው መጥቶ የጻፈውን ግጦሽ ለላሜ ያሳያት!» እያለች ስለጮኸች፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የምንለምነው ትንሽ ነው። ከእሑድ በፊት አንድ ሰው ይላኩልን። ሳይነግሩን ድንገት ይምጣ። ቄጠማ እንዳንጎዘጉዝ፣ ቅል እንዳናነሣ፣ «አልሀምዱሊላህ» ብንልም በእግሩ ዞሮ እንዲያይ ያዙልን። እኛ በበኩላችን ለአንድ ቀን ባለጌ ለመሆን በመንደር ደረጃ ተመካክረን ተስማምተናል፤ ይሳካልናል ብዬ ግን አልምልልዎትም።

ዝናቡን ከእርስዎ አንጠይቅም፤ እሱን የምንለምነው ሌላ ዘንድ ነው፤ እዚያ ሪፖርት አይጠየቅም።

በካርታዎ ላይ ለምልመው በደጃቸው የደረቁት የመንደሬ ሰዎች ሰላምታ ከኔ ጋር ይድረስዎ፤ አላህ ዕድሜዎን እንደ መግለጫዎ ያርዝመው፤

አክባሪዎ፣ የአሥራ አንድ ልጆች አያት፣
ሙሀመድኑር አብዱልጀሊል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋጥማ ደብዳቤውን አስነብባ ከሰማች በኋላ «ውሸቱን ሳታወጣ እንዳትልከው» ብላ ስለያዘችኝ እናገራለሁ። ደመናው እውነት ነው፤ ተርቡም እውነት ነው። የአሻ ቁጣ ግን የኔ ፈጠራ ነው። አሻ ደጄ አልመጣችም፤ አልጮኸችምም። ልጽፍላችሁ መሆኑን ስትሰማ «ኧረ አያ ሙሀመድኑር፣ አፈር ስሆን! እንግዳ በጠጣው ይከሰሳል እንዴ?» ብላ ለመነችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቡሬ ከተሸጠች፣ ሰውዬው ሲመለሱ ምን አቀርብላቸዋለሁ?»